የአሸዋ ኮረብቶቹ መንገድ

ጆሊን ቮግት ከጠዋት ጀምሮ መሪ ይዛ አንድ ጊዜ እንኳን አላዛጋችም። ለማዛጋትም እኮ ትንሽ ጉልበት ያስፈልጋል። እጇ መሪው ላይ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር፤ ልቧ የት እንደቀረ ግን እሷም አታውቅም። በግራዋ የድንጋይ ከሰል የጫነ ባቡር ጭራው ሳይታይ ያዘግማል። በቀኟ የነብራስካ የአሸዋ ኮረብቶች ሣር ለብሰው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው፣ እስከ ሰማዩ ጥግ ተኝተዋል። የጥቅምት ፀሐይ ሣሩን ቀይ አድርጋዋለች።

«ቀስ በይ» አሏት አባቷ ከጎኗ። «ይኼ መንገድ እየተላመጠ ነው የሚበላው።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እኮ ቆምን ማለት ነው፣ አባዬ።»

«መቆምማ የለም።»

ኦርቪል ቮግት ሰማንያን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩት በሰፊው አውራ ጎዳና ነው፤ «አገሩን ሁሉ ዞሬ አገሩን ሳላየው ቀረሁ» ማለት ይወዳሉ። ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ከአይሪን ጋር መኪናም ቤትም የሆነውን ይህን ረጅም ነጭ ተሽከርካሪ ገዙ። ጎብኚ የማይደርስባቸውን፣ በካርታው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን መንገዶች አንድ በአንድ ሊነዱ ተማምለው ነበር። ቤት-መኪናው በተገዛ በክረምቱ አይሪን ሞቱ።

ጆሊን ያኔ ትዳሯ ፈርሶ ሊንከን ከተማ ከወላጆቿ ቤት ገብታ ነበር፤ ቀን ቀን በጥርስ ሐኪም ቤት ታካሚ ትቀበል ነበር። «አንድ በጋ ብቻ አብሬው ልዙር» ብላ ወጣች። ይኸው አምስተኛ ዓመቷ። ቤቱ ተሸጧል፤ ሥራዋን ሌላ ሰው ይዞታል። በኔቫዳ ጨው የለበሰ ሜዳ ላይ ነድታለች። ሞንታና ውስጥ ገደል ለገደል በሚጠማዘዝ ኮረኮንች ላይ፣ አጋዘን እንጂ ሰው በማያልፍበት፣ ትንፋሿን ይዛ ነድታለች። ሌላው ሰው አንዱን ለማየት ዓመት ሙሉ የሚመኘውን እሷ በሳምንት ሦስቱን ታየዋለች። ውበትም እንደሚሰለች ግን ማንም አልነገራትም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ አባቷ አንዳንዴ «አይሪን» ይሏት ጀምረዋል። መጀመሪያ ታርማቸው ነበር። ኋላ ተወችው።

«እዚህ ጋ ወደ ቀኝ» አሉ ኦርቪል ድንገት፣ ጣታቸውን ወደ ኮረብቶቹ ቀስረው። «የኩቼራ ልጅ ኩሬ። ውሃው ጥሩ ነው፣ ነፋስም አይመታውም።»

የትናንት ራታቸውን ረስተዋል፤ ይህን መታጠፊያ ግን አልረሱም። ጆሊን ፍሬኑን ነካች።

ባለፈው መኸር የመኪናቸው የኋላ አክስል ተሰብሮ ከዴልማር ኩቼራ የከብት ግጦሽ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆይተው ነበር። ዴልማር አምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከሰው ይልቅ ከጥጃ ጋር ማውራት የሚቀለው ላጤ ነው። መንገደኛ ሲመጣበት ኩሬው ዳር ያሳድራል። ማታ ማታ የከብቶቹን ውሃ ሊያይ ሲወጣ «አብረሽኝ ትመጫለሽ?» ይላት ነበር፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር። በፒክአፑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮረብታውን ሲወጡና ሲወርዱ፣ ጆሊን ከስንት ዘመን በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ሌላ ሰው ሲነዳ አየች። በዚያው ወደደችው። ሲለያዩ «ቆዪ» አላት። «አባቴ አይቆምም፤ ለጸደይ፣ ወፎቹ ከደቡብ ሲመለሱ እመጣለሁ» አለችው። ጆሊን አሪዞና ሆና፣ ክረምቱን ሙሉ ፖስት ካርድ ተጻጻፉ። ከየካቲት በኋላ ግን መልስ ቀረ። በጸደይ አባቷ ሳንባቸውን ታመው ከአሪዞና መነሳት አቃታቸው። ደወለች፤ አላነሳም። ደገመች፤ አላነሳም። ከዚያ በኋላ ስልኩን ስታየው የምታፍረው እሷ ሆነች።

አሁን የግጦሹን የእንጨት በር ሊከፍት የመጣው ሰው ያው እሱ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ሁለት ጣቱን ከፍ አደረገ፤ ለጎረቤትም፣ ለፖስተኛም፣ ለማያውቀው አላፊ አግዳሚም የሚያነሳውን ያንኑ ሁለት ጣት። የቁርጥማት ያህል አመማት።

«ደህና ገባችሁ» አለ መስኮቷ ሥር ቆሞ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው» አለች ጆሊን።

«እስከፈለጋችሁ።»

«አንድ ሌሊት አልኩህ እኮ።»

«ሰማሁሽ» አለና ዓይኑን ወደ ጎማው አወረደ። «የቀኙ ጎማሽ ነፋስ አንሶታል።»

ዓመት ሙሉ ስትናፍቀው የከረመችው ሰው የነገራት ይህንኑ ነበር፤ ጎማሽ ነፋስ አንሶታል።

ወደ ማምሻው የዴልማር ታላቅ እህት ትዊላ ድስት ሙሉ የሥጋና የባቄላ ቀይ ወጥ፣ እንደ አካባቢው ልማድ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይዛ ወደ ኩሬው ወረደች። ትዊላ ወንድሟ የጎደለው ንግግር ሁሉ ተርፎ ለእሷ የተሰጣት ሴት ናት።

«አንቺ! ሞተሻል ብለን ልናለቅስልሽ ነበር እኮ!» ብላ ጆሊንን ወገቧን አቀፈቻት። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ይኼ ነጭ ሣጥን ነው የሚበላሽ? አቶ ኦርቪል፣ ልጅዎን ምን አደረጓት?»

«እሷ ናት እንጂ እኔን ያደረቀችኝ!» አሉ ኦርቪል ዳቦውን ወጡ ውስጥ እየነከሩ። «ጨው ከለከለችኝ።»

ተሳቀ። ዴልማር ብቻ ራቅ ብሎ የድስቱን ክዳን ይዞ ቆሟል፤ የሚያስቀምጥበት የጠፋው ይመስል።

«አንተስ ምን ተገትረሃል?» አለችው እህቱ። «ያን ሁሉ አገር አሪዞና ድረስ ነድተህ ስትመለስ እንኳን እንዲህ አፍህ አልተዘጋም...»

«ትዊላ!»

ክዳኑ ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ። ትዊላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ኦርቪል ምንም እንዳልሰሙ ወጣቸውን ቀጠሉ።

ጆሊን ቀና ብላ አየችው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። መጥቶ ነበር ማለት ነው። እሷ ወደነበረችበት በረሃ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ነበር። ታዲያ ለምን አላየችውም? ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት እሱ «ከብቶቹን ልይ» ብሎ ዞረ። ጀርባውን እያየች ቀዝቃዛውን ዳቦ ጎረሰች።

ሌሊቱን አልተኛችም። ሰማዩ ሲገረጣ ኮቷን ደርባ ወጣች። ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ዴልማር ውሃ ከሚስበው የነፋስ መዘውር ሥር ቆሞ፣ የከብቶቹ ገንዳ ላይ የረጋውን ስስ በረዶ በመዶሻ ይሰብር ነበር።

«መቼ ነበር የመጣኸው?» አለችው ሰላም ሳትለው።

መዶሻውን አወረደ። ሊመልስላት ሲል የሞተር ድምፅ ሰሙ።

ሁለቱም ዞሩ። ነጩ ቤት-መኪና ደረጃው እንኳን ሳይታጠፍ፣ ከመስኮቱ መጋረጃ እየተውለበለበ፣ የሰሜኑን በር አልፎ ወደ ኮረብቶቹ መሃል ይጓዛል።

«አባዬ!»

«ያ መንገድ ወደ ሐይቆቹ ነው» አለ ዴልማር እየሮጠ። «ከብት እንዳይሻገር መንገዱ ላይ ከተነጠፈው የብረት ርብራብ ወዲያ አሸዋው አያስቆምም። ግቢ!»

ፒክአፑ ተነሳ። ቤት-መኪናው ከኮረብታው ኋላ ተሰውሯል፤ ውርጩ ላይ ግን የጎማው ዱካ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በቀኝ ትንሽ ሐይቅ ብቅ ይላል፣ ዳክዬዎች ይነሳሉ፤ በግራ ሌላ ኮረብታ ይመጣል፣ ሐይቁ ይጠፋል። ሌላ ቀን ቢሆን ኦርቪል «አየሽልኝ?» የሚሉበት ቦታ ነበር። ጆሊን የበሩን እጀታ ጨብጣ የምታየው ዱካውን ብቻ ነው።

«በየካቲት» አለ ዴልማር ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «የመጣሁት በየካቲት ነው። አትጠይቂኝ ብልሽም አትተዪኝም።»

«አልተውህም።»

«ያን የቤት-መኪኖች ሰፈር እየጠየቅሁ አገኘሁት። ልጠራሽ ስል አባትሽን ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ፂማቸውን ትላጪያለሽ። ይሰድቡሻል። ሌባ ይሉሻል፣ መኪናዬን ልትሰርቂ ነው የመጣሽው ይሉሻል። አንቺ አገጫቸውን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ትላጫለሽ። ጨርሰሽ ፎጣውን አራገፍሽ። ከዚያ በመኪናው ጀርባ ዞረሽ ግንባርሽን ብረቱ ላይ አስደግፈሽ ቆምሽ። አላለቀስሽም። ዝም ብለሽ ቆምሽ።» ማርሽ ቀየረ። «እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ቆዪ ልልሽ። ያን ሳይ... አንዱን እጇን እሳቸው ይዘዋል፣ ሌላውን እኔ ልጎትት? አልኩ። ሸክም ልጨምርባት? አልኩ።»

«እና ሄድክ።»

«ሄድኩ።»

«አቁም መኪናውን!»

«ጆሊን፣ አባትሽ...»

«አታቁም! ንዳ! ንዳ ግን ስማኝ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ግንባሬን ብረት ላይ ጥዬ አየኸኝ። በዓይንህ አየኸኝ! እና ብረቱን ትተህልኝ ሄድክ?»

ዴልማር መሪውን ጨበጠ።

«ስልኬን ለምን አላነሳህም?»

«ድምፅሽን ከሰማሁ ነይ ማለቴ አይቀርም ብዬ።»

«ብትለኝስ! ቃሉን እንኳን ልሰማው! እምቢ ማለት ካለብኝ እምቢ የምለው እኔ ነኝ እኮ። ባሌ የፈለገውን ወስኖ ሄደ። አባቴ ቤቱን ሳይነግረኝ ሸጠው። አንተ ደግሞ አዝነህልኝ ወሰንክ። ሁላችሁም ደግ ናችሁ። ጆሊን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ አንድ ሰው ግን የለም፤ ምን ላብላችሁ፣ የት ላሳድራችሁ፣ ወዴት ልንዳችሁ ስል ዕድሜዬ አለቀ።»

የብረት ርብራቡን ሲያልፉ መኪናው ተንገጫገጨ።

«ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «ያልኩሽ ሁሉ እውነት ነው። ከሥሩ ግን ፍርሃት ነበር። አልቆይም ብትዪኝ ያን መንገድ ብቻዬን ነድቼ መመለስ አልችልም ነበር። ሳልጠይቅሽ ስመለስ ቢያንስ ተስፋው ከእኔ ጋር ነበር።»

ጆሊን ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም፤ በቦታው የቀረው ድካም ብቻ ነበር። የሱም ድካም እንደሷ ይከብድ እንደነበር ገና አሁን ገባት።

ቤት-መኪናው ከሦስተኛው ሐይቅ ዳር፣ እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆሟል። ኦርቪል ታጣፊ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ወደ ውሃው ዞረው ተቀምጠዋል።

ጆሊን ከፒክአፑ ሳይቆም ወረደች። «አባዬ! ምን ነካህ? ልትሞት ነበር እኮ!»

አዛውንቱ ዞር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ጥርት ብሎ ነበር፤ ከስንት ወር ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየችውም።

«ጆሊን» አሉ። በስሟ። «ደከመኝ፣ ልጄ።»

ከጎናቸው አሸዋው ላይ ተንበረከከች።

«ከዋዮሚንግ ጀምሮ ወገቤ አልቆም ብሎኛል» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ስነሳ፣ እሺ፣ አንድ የመጨረሻ መንገድ ልንዳ፣ ከዚያ እንቆማለን አልኩ።»

«ማን ነው የሚቆመው? መቆም የለም ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ!»

«ለእኔ?»

«ያ ባልሽ ጥሎሽ የሄደ ጊዜ፣ ሊንከን፣ ሌሊት ስታለቅሺ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። እናትሽም አልነበረች። እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ? ከመንዳት በቀር የማውቀው የለም። ስንነዳ ለቅሶውን ተውሽ። ታዲያ ብንቆም እንደገና ትጀምራለች አልኩ። በቃኝ አባዬ እስክትይ ጠበቅኩ፤ አላልሽም።»

ጆሊን ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። «የተውኩትማ ለማልቀስም አቅም አጥቼ ነው፣ አባዬ። በቃኝ ያላልኩህም አንተ እማዬን የምታገኛት መንገድ ላይ ነው ብዬ ነው።»

ኦርቪል የተሸበሸበ እጃቸውን አናቷ ላይ አደረጉ። አንዱ ለሌላው ሲል የነዳው መንገድ ሁሉ፣ የጨው ሜዳው፣ ገደሉ፣ ኮረኮንቹ፣ በሁለቱ መሃል ዝም ብሎ ተዘረጋ። ማንንም መውቀስ አልቻለችም።

ጥቂት ቆይቶ ኦርቪል ወደ ቤት-መኪናው ተመለከቱ። ዓይናቸው ጉም እንደገባበት ሐይቅ ደብዘዝ አለ። «አይሪንን ቀስቅሻት እስቲ። ቁርስ ይቀዘቅዝባታል።»

ጆሊን እጃቸውን ከአናቷ አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ትተኛ፣ አባዬ» አለች። «ደክሟታል።»

ዴልማር ከኋላቸው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። አላየችውም እንጂ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«አንቺም ተኚ» አላት። «ለትዊላ ደውያለሁ፤ ትራክተሩን ይዛ እስክትመጣ አባትሽን እኔ አያለሁ።»

«እሱ ሲነሳ ይወድቃል፤ ደግሞ ውሃው...»

«አያለሁ አልኩሽ። ከጎናቸው አልንቀሳቀስም። ተኚ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከር ነበር። አሁን ፒክአፑ ውስጥ ገባች፣ የሱን ካፖርት ለበሰች፤ ገለባና ናፍጣ ይሸታል። በአንድ ጆሮዋ የአባቷን ሳል ሳትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ደንግጣ ቀና አለች። «ወዴት ነን? የትኛው መንገድ ነው ያለብን?» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ።

«የትም» አለ ዴልማር። በተከፈተው በር በኩል፣ መርገጫው ላይ ተቀምጧል። «የትም የምትሄጂበት የለም።»

ቤት-መኪናው ተጎትቶ ወጥቶ ጠንካራ መሬት ላይ ቆሟል። ኦርቪል ከትዊላ ጋር ውሃው ዳር ተቀምጠው ስለ አንድ መንገድ ያወሯታል፤ እጃቸው በአየር ላይ ኩርባውን ይሥላል፤ ትዊላም ለአንዴ እንኳን ዝም ብላ ታዳምጣለች።

ጆሊን ያን ጊዜ አለቀሰች። እዬዬ አላለችም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የጀመረችውን ለቅሶ ቀስ ብላ ጨረሰችው እንጂ። ዴልማር አልነካትም፣ አላባበላትም። ጠበቃት።

«ልንገርህ» አለችው ዓይኗን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጋ። «ባለፈው ዓመት ያየሃት ሴት አይደለሁም። ያቺ ትስቅ ነበር። የቀረሁት እኔ የምናደድ፣ የምተኛ፣ ቡና ሲፈላ ቆሜ የምፈዝ ሰው ነኝ። አባቴም ከቀን ወደ ቀን ይብሳል። አንተንም አንድ ቀን ሌባ ይልሃል።»

«ትዊላ ከዚህ የከፋ ብላኛለች።»

«እኔ ከልቤ ነው።»

«እኔም።» ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «የምትስቀዋን ብቻ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ በየካቲት ያን ያህል አልታመምም ነበር። ብረቱን የተደገፈችውን ነው ትቼ የመጣሁት። ሌሊት የምትመጣብኝም እሷ ናት።»

ሐይቁ ላይ ነፋስ አለፈ፤ ሸንበቆው ተንሾካሾከ። ጆሊን እጁን አየችው። በረዶ ሲሰብር የተላጠ፣ ሻካራ፣ ቦታ እንዳጣ ሰው ባርኔጣው ላይ የሚንከራተት እጅ ነው። ያዘችው።

«እንግዲያው ጠይቀኝ» አለችው። «አሪዞና ድረስ ይዘኸው መጥተህ ይዘኸው የተመለስከውን። ሌላ ነገር ሳትጨምር።»

«ትቆያለሽ?»

ሊመጣ ያለውን ሁሉ አሰበችው፤ በረዶውን፣ የአባቷን ክፉ ቀኖች፣ ይህ ዝምተኛ ሰው የሚዘጋባትን አፍ፣ እሷ የምትጮህበትን ጠዋት። ከባድ ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ከባድ ነው፤ የትም አይሄድም።

«እቆያለሁ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የሚሰማው ያ የሚያም እፎይታ። እግር ይጠዘጥዛል፣ ወገብ ይሰበራል፣ ሰውየው ግን ከእንግዲህ አይነሳም። ጆሊን ራሷን ዴልማር ትከሻ ላይ ጣለች። ትከሻው ሞቃት ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም።